ዋሻ ለሰው መጠለያ ይሆናል? ስለ ቀደምት የዋሻ ጥናቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ገጠር ዋሻዎች ቅየሳና ሰው ስለማስጠለል አቅማቸው ብዙ ጊዜ የሚነሡ ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት ሰዎች እውነት ዋሻ ውስጥ ይኖሩ ነበር?

ይኖሩ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአፉ ብዙ አይርቁም ነበር። የምድጃ አመድ፣ የተሰባበረ አጥንትና የድንጋይ መሣሪያ በብዛት የሚገኘው የቀን ብርሃን በሚደርስበት አካባቢ ነው። ወደ ጥልቁ የገቡት ለሥዕል፣ ለቀብር ወይም ለመደበቅ ነበር። ለዕለት ኑሮ ጨለማውን የመረጠ ሰው ጥቂት ነው።

አርኪዮሎጂስቱ ራልፍ ሶሌኪ በ1951 በሰሜን ኢራቅ ተራሮች ዋሻ ሲያስስ ሻኒዳር ደረሰ። የዋሻው አፍ ስፋቱ 25 ሜትር፣ ከፍታው 8 ሜትር ያህል ነው፤ ፊቱን ወደ ደቡብ ስላዞረ ፀሐይ ያገኘዋል። በዚያን ጊዜ የኩርድ እረኞች የብርዱን ወራት ከነከብቶቻቸው እዚያ ያሳልፉ ነበር። የሚገርመው ግን ዋሻው ውስጥ ሆነውም ለየቤተሰቡ ጎጆ ሠርተው መኖራቸው ነው። ዋሻው ዝናቡንና በረዶውን ከለከለላቸው፤ ቤቱን ግን ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው። ከዚህ በታች ያለውን መልስ ሁሉ ስታነቡ ይህችን ጎጆ አትርሷት።

ዋሻን በመሣሪያ የለኩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ዓላማቸው መጠለያ ነበር?

አልነበረም። ገንዘብ፣ ባሩድና ጉብኝት ነበር የሚቀድመው። በአሜሪካ ኬንታኪ የሚገኘውን ማሞዝ ዋሻ ብንወስድ፣ በ1812 በተነሣው ጦርነት ጊዜ በባርነት የተያዙ ሠራተኞች ለባሩድ የሚሆን ናይትሬት ከአፈሩ ያጥቡ ነበር። በ1835 ኤድመንድ ሊ የሚባል መሐንዲስ በመሣሪያ ለክቶ ካርታ አወጣ። በ1842 ደግሞ በባርነት የተያዘው አስጎብኚ ስቲቨን ቢሾፕ፣ ዓመታት የተመላለሰበትን ዋሻ ከዋሻው ርቆ ተቀምጦ ከትዝታው ሣለው፤ ካርታው በ1845 ታተመ። በዚህ ዋሻ እስካሁን የተለካው መንገድ ከ680 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዓለም የሚስተካከለው የለም።

በአውሮፓ የዋሻ ጥናትን የሳይንስ መልክ ያስያዘው ፈረንሳዊው ኤዱዋር አልፍሬድ ማርቴል ነው። ሥራውን የጀመረው በ1888 ሲሆን ስለ ውሃ ስንናገር ተመልሶ ይመጣል።

ታዲያ «ሰው ይኑርበት» ተብሎ የተሞከረው መቼ ነው?

በጣም ከሚታወቁት ሙከራዎች አንዱ እዚያው ማሞዝ ውስጥ የተደረገው ነው። የዋሻው ባለቤት ሐኪሙ ጆን ክሮገን ነበር፤ ቢሾፕን በባርነት የያዘውም እሱ ነው። የዋሻው አየር ዓመቱን ሙሉ አይለዋወጥም፣ እዚያ የገባ እንጨትም ቶሎ አይበሰብስም፤ ስለዚህ ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ይፈውሳል ብሎ ገመተ። በ1842 መጨረሻ ሕመምተኞችን አስገብቶ የድንጋይና የእንጨት ጎጆ ሠራላቸው። የማብሰያው እሳትና የመብራቱ ጭስ መውጫ አጥቶ እላያቸው ላይ ተኛ። ሕመምተኞቹ ባሰባቸው፤ ጥቂቶቹ እዚያው ሞቱ። በ1843 መጀመሪያ ሙከራው ቆመ፤ ክሮገንም በ1849 በዚያው በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሁለቱ የድንጋይ ጎጆዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ።

ክሮገን ሙቀቱ አይለዋወጥም ማለቱ ልክ ነበር፤ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ያላሰበበት ጭሱ በየት እንደሚወጣ ነው።

መንግሥታት ዋሻን ለሕዝብ መጠለያነት ያጠኑት ለምንድን ነው?

በአንድ ቃል፦ ቦምብ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን ስትደበደብ ሰዎች ቺዝልኸርስት ወደሚባሉት ዋሻዎች ጎረፉ፤ ቁጥራቸው እስከ 15,000 ደርሶ ነበር። እነዚህ ስማቸው ዋሻ ይሁን እንጂ ሰው የቦረቦራቸው የቆዩ የኖራ ድንጋይ ማውጫዎች ናቸው፤ ወለላቸው ደልዳላ፣ መተላለፊያቸውም ሰፊ ነው። የኤሌክትሪክ መብራት፣ ሕክምና መስጫና የጸሎት ቤት ገብቶላቸው ነበር። «በጦርነቱ ጊዜ ሰው ዋሻ ውስጥ በሰላም ኖሯል» እያለ የሚጠቅሳቸው ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ሰፊው ቆጠራ የተደረገው በአሜሪካ ነው። በ1961 ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከኑክሌር ጥቃት በኋላ ሕዝብ የሚጠለልባቸው ቦታዎች ተለይተው ምልክት እንዲደረግባቸው ገንዘብ ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት አገር አቀፍ ጥናቱ ተጀመረ። ከተጠኑት ብዙዎቹ ሕንፃዎች ነበሩ። ሕንፃ በማይበዛበት ገጠር ግን ዋሻና አሮጌ የማዕድን ጉድጓድም ከዝርዝሩ ገቡ።

ቀያሾቹ በምን ነበር የሚለኩት?

በሜትር፣ በኮምፓስና በዘንበል መለኪያ። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይገባሉ። አንዱ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ይቀድምና ግድግዳው ላይ ጎልቶ የሚታይ ነጥብ ይመርጣል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ አቅጣጫውንና ዘንበሉን ያነባል፤ ሦስተኛው በጭቃ በተለወሰ ማስታወሻ ይጽፋል። ከየነጥቡ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ርቀትም ይመዘገባል። ዋሻው ዞሮ የመነሻው ነጥብ ላይ ካደረሳቸው ዕድለኞች ናቸው፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ የት ያህል እንደተሳሳቱ ይታወቃል።

የተለመደው ስሕተት ቀላል ነው፤ ብረት ያለበትን መብራት ወደ ኮምፓሱ አስጠግቶ ማንበብ። መርፌው ጥቂት ዲግሪ ይስታል፤ መቶ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ካርታው ከእውነተኛው ቦታ በብዙ ሜትር ርቋል።

አንድ ዋሻ ስንት ሰው እንደሚይዝ እንዴት ይሰላል?

የዚያን ጊዜው የአሜሪካ መመዘኛ ለአንድ ሰው 10 ካሬ ጫማ ወለል ይሰጥ ነበር፤ ይህ አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአየር ማስገቢያ መሣሪያ ከሌለ ደግሞ ለአንድ ሰው 500 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም 14 ሜትር ኪዩብ ያህል ቦታ ይፈለግ ነበር። ለ50 ሰው የማይበቃ ቦታ አይመዘገብም ነበር።

በምሳሌ እንየው። ካርታው ላይ 30 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ አዳራሽ አለ እንበል። በወለሉ ከተሰላ ከ600 ሰው በላይ ይይዛል። አማካይ ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ ግን በአየሩ ሲሰላ ቁጥሩ ወደ 128 ይወርዳል። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡና ወለሉን ተመልከቱ፤ ግማሹ ከጣሪያ በወደቀ ቋጥኝ ተሞልቷል፣ ጥጉን ምንጭ ይዞታል፣ የቀረውም ተዳፋት ነው። ሰው ተጋድሞ የሚያድርበት ቦታ ስንት ቀረ? የድሮ ካርታዎች ትልቁ ጉድለት ይሄ ይመስለኛል፤ የግድግዳውን መስመር አሳምረው ይሥላሉ፣ ስለ ወለሉ ግን ዝም ይላሉ።

ዋሻ በብርድ ጊዜ ይሞቃል፣ በሙቀት ጊዜ ይቀዘቅዛል የሚባለው እውነት ነው?

ከውጩ ጋር ሲነጻጸር እውነት ነው። ከአፉ ራቅ ብሎ ያለው ክፍል የሙቀት መጠኑ ከአካባቢው የዓመት አማካይ ጋር ይቀራረባል፤ ወቅት ቢለዋወጥም እሱ ብዙ አይነቃነቅም። ችግሩ እርጥበቱ ነው። በብዙ ዋሻዎች አየሩ ውሃ የጠገበ ስለሆነ የረጠበ ልብስ አይደርቅም። 12 ዲግሪ ለሚራመድ ጎብኚ ደስ ይላል፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለሚያድር ልጅ ወይም አረጋዊ ግን ቀስ በቀስ ሰውነት የሚያቀዘቅዝ ብርድ ነው።

ቅርጹም ይወስናል። ከአፉ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ዋሻ ከባዱን ቀዝቃዛ አየር እንደ ጉድጓድ ይሰበስባል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ሞቃቱን ይይዛል። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ዋሻዎች ጠባያቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል።

አየሩ በቂ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

ቀደምት ጥናቶች በብዛት የሳቱት እዚህ ላይ ነው። ብቻውን ገብቶ የለካ ሰው «አየሩ ንጹሕ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ለእሱ ንጹሕ ነው። መቶ ሰው አስገብቶ ማሳደር ሌላ ጉዳይ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በሰዓት እስከ 20 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። መመዘኛው የሚሰጠው 14 ሜትር ኪዩብ ፈጽሞ የታፈነ ቢሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የጋዙ መጠን ከ3 በመቶ ያልፋል። እዚያ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ራስ ምታት ይጀምራል፤ 10 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ሰው ራሱን ይስታል። ያ ቁጥር የሚሠራው ዋሻው ራሱ የሚተነፍስ ከሆነ ብቻ ነው።

ደግሞም የሚተነፍሱ ዋሻዎች አሉ። ከፍታቸው የተለያየ ሁለት አፍ ያለው ዋሻ እንደ ጭስ ማውጫ ይሠራል፤ በብርድ ጊዜ አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል፣ በሙቀት ጊዜ ይገለበጣል። ትልቅ ሆኖ አፉ ጠባብ የሆነ ዋሻ ደግሞ የአየር ግፊት በተለዋወጠ ቁጥር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወደ ውጭ ይነፋል። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ የሚገኘው የነፋስ ዋሻ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። አንድ ቀን ብቻ የለካ ቀያሽ ታዲያ ነፋስ ባለበት ቀን መጥቶ እንደሆነ በምን ያውቃል? ጥናቱ በተለያየ ወቅት መደገም አለበት።

ሻማ ይዞ መግባትስ? ሻማ የሚነግረን የኦክስጅን ማነስን ነው፤ ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወደ 16 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ይጠፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰውን እስኪያሳምም ጨምሮ ሻማው ሊነድ ይችላል። ሻማው ጠፋ ማለት ውጡ ማለት ነው፤ ነደደ ማለት ግን እደሩ ማለት አይደለም።

ዋሻ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ይጠጣል?

ጥርት ብሎ መታየቱ አያታልላችሁ። ብዙ ትላልቅ ዋሻዎች የሚገኙት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ስንጥቁ ሰፊ ስለሆነ ውሃን እንደ አሸዋ አያጠራም። ከላይ የፈሰሰው ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ከታች ይደርሳል። ማርቴል ይህን በገዛ ሆዱ ነው የተማረው። በ1891 ከአንድ ምንጭ ጠጥቶ ታመመ፤ በኋላ ምንጩን ከሚመግበው ጉድጓድ ሲወርድ የጥጃ በድን ጠበቀው። ስለዚህ ጉዳይ ሳይታክት ተናገረ፤ በ1902 የወጣው የፈረንሳይ የጤና ሕግ በድን እንዲህ ባሉ ጉድጓዶች መጣልን ከለከለ።

ጎርፍ የሚገባበት ዋሻ በምን ይለያል?

ወደ ላይ በማየት። ጣሪያው ስንጥቅ ውስጥ የተወሸቀ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ካለ ውሃው እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር። ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ የደለል መስመር ካለ፣ ከመስመሩ በታች ማደር አይታሰብም። ወለሉ ደረቅ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በደረቁ ወራት የተጠና ዋሻ ሁሉ ደረቅ ነው።

በ2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ የገቡት 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው ሲገቡ መንገዱ ክፍት ነበር። ዝናቡ ከኋላቸው ዘጋባቸው። የተገኙት በዘጠነኛው ቀን ማታ ነው፤ ሁሉም የወጡት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የነበሩበት ክፍል ኦክስጅን ወደ 15 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ውሃውና አየሩ አብረው ነው የሚጣሉን።

ጣሪያው ሺህ ዓመት ከቆመ አሁን ለምን ይወድቃል?

ሺህ ዓመት መቆሙ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን መሬት ላይ ያለው ቋጥኝ ሁሉ ከአንድ ቦታ ነው የመጣው። ሻኒዳር ውስጥ ከተገኙት የኒያንደርታል (ዘሩ የጠፋ የጥንት ሰው) አፅሞች አንዳንዶቹ ከጣሪያ በወደቀ ድንጋይ የሞቱ ናቸው ብሎ ሶሌኪ ደምድሟል። ስብራቱ አዲስ የሆነ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ድንጋይ ወለል ላይ ከታየ ያ ቦታ ይታለፋል። አፉ አካባቢ ሙቀትና ብርድ ስለሚፈራረቅ ድንጋዩ ከጥልቁ ይልቅ ይላላል፤ ጣሪያ ሥር የሚነድ እሳትም ያሰነጥቀዋል።

የሌሊት ወፍ ያለበት ዋሻ ለምን ይከለከላል?

በሁለት በኩል። ኩሱ ላይ የሚበቅል ፈንገስ አለ፤ አቧራው ሲነሣ ወደ ሳንባ ገብቶ ሂስቶፕላዝሞሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል። መቶ ሰው የሚረግጠው ደረቅ ኩስ ምን ያህል አቧራ እንደሚያስነሣ ማሰብ ነው። በሌላ በኩል እኛም እንጎዳቸዋለን፤ ከ2006 ወዲህ በሰሜን አሜሪካ አፍንጫን የሚያነጣ የፈንገስ በሽታ ሚሊዮኖች የሌሊት ወፎችን ፈጅቷል፤ ፈንገሱ በጫማና በልብስም ይተላለፋል።

ሬዶን የሚባለው ጋዝም ይጠየቃል። ለዓመታት ዋሻ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሳንባ ካንሰር ሥጋት ነው፤ ለጥቂት ቀን ለተጠለለ ሰው ግን ከብርዱና ከአየሩ አይቀድምም።

ዋሻ ከኑክሌር ጨረር ያድናል?

ጣሪያውን በተመለከተ፣ አዎ፤ በጣም። ከፍንዳታ በኋላ ከሚወርደው ራዲዮአክቲቭ አቧራ የሚመጣው ጋማ ጨረር 9 ሴንቲ ሜትር ያህል የታመቀ አፈር ባለፈ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ሜትር ሙሉ ሲያልፍ ከሺህ አንድ እጅ አይቀርም። ዋሻ ደግሞ በላዩ ብዙ ሜትር ድንጋይ አለው። አደጋው ከአፉ በኩል ነው፤ አቧራው በነፋስና በውሃ ይገባል። ለአየር ሲባል የምንመኘው ሰፊ አፍ ለጨረር ሲባል የማንፈልገው ነው። የመጠለያ አጥኚዎችን ያስጨነቀው እንቆቅልሽ ይህ ነበር፤ ምርጡ መልስ አፉ ጋ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ መተላለፊያ ነው።

መጠለያው ታስቦ የነበረው ለሁለት ሳምንት ነው። ጊዜው በሰባት እጥፍ በረዘመ ቁጥር ጨረሩ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል፤ በሁለት ሳምንት ወደ ሺህ አንድ እጅ ይደርሳል። ለዚህ ጊዜ ለአንድ ሰው 13 ሊትር ውሃ ይመደብ ነበር፤ 66 ሊትር የሚይዝ በርሜል ለአምስት ሰው መሆኑ ነው። ውሃው ሲያልቅ ባዶው በርሜል መጸዳጃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ለ500 ሰው መቶ በርሜል በጠባብ የዋሻ አፍ እያጎነበሱ ማስገባትን ካርታው አያሳይም።

ለረዥም ጊዜ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ የኖረ ሰው አለ?

አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በምዕራብ ዩክሬን 38 አይሁዶች ከናዚዎች ሸሽተው አንድ ዋሻ ውስጥ 344 ቀን ኖረዋል፤ የወጡት በ1944 ነው። ከዚያ በፊት ቬርቴባ በሚባል ሌላ ዋሻ ተደብቀው ነበር። እዚያ ጭሱ አልወጣ አላቸው፤ ውሃውም የሚንጠባጠበውን ማጠራቀም ነበር፤ በመጨረሻም ተደረሰባቸው። ሁለተኛው ዋሻ ግን የራሱ ውሃና የሚንቀሳቀስ አየር ነበረው። ማንም ቀያሽ አልመረጠላቸውም፤ የመጀመሪያው ዋሻ ምን እንደጎደለው በአካላቸው ስለሚያውቁ ሁለተኛውን በዚያው መዘኑ።

በሳይንስ በኩል የእንቅልፍ ተመራማሪው ናታንኤል ክላይትማንና ተማሪው ብሩስ ሪቻርድሰን በ1938 ማሞዝ ውስጥ 32 ቀን ቆይተው ሰውነታቸውን ለ28 ሰዓት «ቀን» ለማስለመድ ሞከሩ፤ ወጣቱ ለመደ፣ ክላይትማን አልቻለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሲፍር ደግሞ በ1962 ያለ ሰዓት ወደ ሁለት ወር ያህል ከመሬት በታች ቆየ። መስከረም 14 ቀን ሲያወጡት እሱ ገና ነሐሴ 20 ነበር የመሰለው።

የድሮ የዋሻ ጥናት በእጃችን ቢገባ ምን ያህል እንመነው?

ርዝመቱንና አቅጣጫውን በአብዛኛው እመኑ፤ ድንጋይ ቶሎ ቦታ አይለውጥም። «ለዚህን ያህል ሰው ይበቃል» የሚለውን ቁጥር ግን ስሌቱ ካልተያያዘ እለፉት። በየትኛው ወር እንደተለካ ፈልጉ፤ ወሩ ካልተጻፈ ስለ ውሃና ስለ አየር የተጻፈው ግማሽ መረጃ ነው። ከጥናቱ በኋላ አፉ ተደርምሶ፣ በላዩ መንገድ ወጥቶበት ወይም የሌሊት ወፍ ለመጠበቅ ፍርግርግ ተገጥሞለት ሊሆን ይችላል። ስትገቡም ካርታው ላይ «ደረቅ አዳራሽ» የተባለው ቦታ ላይ ቆማችሁ መጀመሪያ መብራታችሁን ወደ ጣሪያው አብሩት፤ ቅጠል መኖር አለመኖሩን እዩ።